የከተማ የምርምር ካምፓስ ሲታነጽ፦ የትኛው አማራጭ ለየትኛው ተቋም ይሻላል?

ስለ ዘላቂ የምርምር ካምፓስ የሚመክር ኮሚቴ አብዛኛውን ጊዜ ውይይቱን ከጣሪያው ይጀምራል፤ ሶላር ፓነል ስንት ይተከል፣ ጣሪያው ሣር ይልበስ ወይስ ይቅር፣ የዝናብ ውኃ የት ይጠራቀም። ሁሉም ደግ ነገሮች ናቸው። ሕንፃው አልቆ ሰው ከገባበት ከአምስት ዓመት በኋላም ግን ሊጨመሩ ይችላሉ። የካምፓሱ ቦታ፣ የወለሉ ከፍታ (ከአንዱ ወለል እስከ በላዩ ወለል ያለው ርቀት)፣ የቤተ ሙከራውና የቢሮው አቀማመጥ አንዴ ከተወሰኑ መመለሻ የላቸውም። ስለዚህ ይህ መመሪያ አማራጮቹን ለመቀልበስ እጅግ ከሚያስቸግረው ጀምሮ ያወዳድራል። ገንዘቡም፣ ጊዜውም፣ ክርክሩም በዚሁ ቅደም ተከተል ቢመደብ ደስ ይለኛል።

ቦታው፦ ከከተማ ውጭ፣ መሐል ከተማ ወይስ የቀድሞ ፋብሪካ ግቢ

ለረጅም ጊዜ የምርምር መንደር ሲባል ከከተማ ወጣ ያለ ሰፊ መሬት ይታሰብ ነበር። በሰሜን ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተው ሪሰርች ትራያንግል ፓርክ ወደ 2,800 ሄክታር በሚጠጋ መሬት ላይ፣ በዛፍ መካከል የተበተኑ ሕንፃዎች አሉት። ጸጥታ አለው፣ ለመስፋፋትም ቦታ አያጣም። ነገር ግን የተሠራው ለመኪና ነው። ዛሬ ፓርኩ ራሱ መኖሪያ ቤት፣ ሱቅና መሥሪያ ቤት የተቀላቀሉበት ማዕከል በመሐሉ እየገነባ ነው፤ በ1959 የተዘለለውን ከተማ አሁን ለመሥራት መሞከር ማለት ነው።

የመኪናው ጉዳይ ቀላል አይደለም፤ በወረቀት ላይ ማስላት ይቻላል። 1,000 ሠራተኞች እያንዳንዳቸው በቀን ደርሶ መልስ 40 ኪሎ ሜትር በመኪና ቢመላለሱና በዓመት 220 ቀን ቢሠሩ 8.8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል። መካከለኛ የቤንዚን መኪና በኪሎ ሜትር 170 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል ብንል፣ በዓመት ወደ 1,500 ቶን እንደርሳለን። የሚፈጀውን ኃይል ሁሉ ራሱ የሚያመነጭ ሕንፃ ከዚህ መንገድ ማዶ ቢቆም፣ ሒሳቡ የሕንፃውን ብቻ ሲያሳይ ጥሩ ይመስላል እንጂ ከባቢ አየሩ ልዩነቱን አያውቀውም።

መሐል ከተማ ደግሞ የራሱን ዋጋ ያስከፍላል። ለንደን ውስጥ ከሴንት ፓንክራስ ባቡር ጣቢያ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው ፍራንሲስ ክሪክ ተቋም 1,500 ያህል ሰዎች የሚሠሩበት ነው። ቦታው ጠባብ፣ የሕንፃው ቁመትም የተገደበ ስለነበር ከሕንፃው አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ከምድር በታች ገብቷል። ለንዝረት የሚሳሱ መሣሪያዎችም እዚያው ታች ተቀምጠዋል። ሠራተኛው በባቡር ይመጣል፣ ሐኪም ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች በእግር ይደረሳሉ። ግን የምድር ቤት ቁፋሮ ገንዘብ ይበላል፣ ኮንክሪትም ይበላል፤ ኮንክሪት ደግሞ ካርቦን ነው።

በከተማ ውስጥ ሰው የሚኖርበትን ሰፈር አንሥቶ መገንባት የዚሁ የመሐል ከተማ አማራጭ ሌላ መልክ ነው፤ እኔ በበኩሌ የመጨረሻ አማራጭ ላደርገው እወዳለሁ። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በኒው ዮርክ ማንሃተንቪል ሰፈር በ7 ሄክታር ገደማ መሬት ላይ ላቀደው ካምፓስ የመሬት አጠቃቀም (የዞን) ለውጥ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2007 አገኘ፤ ንብረታችንን አንለቅም ካሉ ባለቤቶች ጋር የነበረው ሙግት በግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተቋጨው በ2010 ነው። ዩኒቨርሲቲው ረታ። ቢሆንም በእንዲህ ዓይነት ሙግት ውስጥ የሚያልፈው ዓመት ሁሉ በፕሮጀክቱ ሒሳብ ውስጥ አለ፤ ከሒሳቡ ውጭ የሚቀረው የተነሺዎቹ ኑሮ ነው። ዘላቂነት የሚለው ቃል እነዚህን ሰዎች ካላካተተ ማንን ሊያካትት ነው?

ሦስተኛው መንገድ ሥራውን የጨረሰ የኢንዱስትሪ ግቢ ነው። የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጁቢሊ ካምፓስ እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈተው የራሌ ብስክሌት ፋብሪካ በነበረበት መሬት ላይ ነው። በበርሊን ሾኔበርግ የሚገኘው ዩሬፍ ካምፓስ ደግሞ በአሮጌ የጋዝ ማምረቻ ግቢ፣ በ5.5 ሄክታር ላይ፣ የቀድሞውን ግዙፍ የጋዝ ማከማቻ የብረት አጽም ይዞ ተገንብቷል። ዩሬፍ ጀርመን ለ2045 ያስቀመጠችውን የአየር ንብረት ግብ ከ2014 ጀምሮ እንዳሟላ ይገልጻል። መንገዱ፣ ባቡሩ፣ የፍሳሽ መስመሩ ቀድሞ አለ፤ የሚፈናቀል ነዋሪም የለም ወይም ጥቂት ነው። አደጋው ከአፈሩ ውስጥ ነው። ጋዝ ማምረቻና ብረታ ብረት ፋብሪካ የነበረ መሬት በሬንጅና በከባድ ብረቶች የተበከለ ሊሆን ይችላል፤ የማጽዳቱ ወጪ ከመሬቱ ዋጋ የሚበልጥበትም አጋጣሚ አለ። ስለዚህ የአፈር ምርመራው ከግዥው በፊት ይደረግ እንጂ በኋላ አይሁን።

ከሦስቱ ስመርጥ ሦስተኛውን አስቀድማለሁ፣ መሐል ከተማውን አስከትላለሁ። የሚቀይረኝ አንድ ነገር ንዝረት ነው። መሐንዲሶች ለቤተ ሙከራ የሚጠቀሙበት የንዝረት መለኪያ ለተራ ቢሮ በሰከንድ 400 ማይክሮ ሜትር ያህል ይፈቅዳል፤ በጣም ለሚሳሱት መሣሪያዎች የሚፈቀደው ግን 3 ማይክሮ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ተቋሙ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ወይም በናኖ ቴክኖሎጂ የሚኖር ከሆነ መሬቱ ላይ መለኪያ ተተክሎ ባቡሩም ከባድ መኪናውም በሚያልፍበት ሰዓት፣ ሌሊቱም ጭምር፣ ይለካ። ውጤቱ መጥፎ ከሆነ እነዚያን ጥቂት መሣሪያዎች ሌላ ቦታ ማኖር መላውን ካምፓስ ከከተማ ከማስወጣት ይቀላል።

የሚያስገርም ሕንፃ ወይስ የሚበሳ ሕንፃ

ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1943 ለራዳር ምርምር በጥድፊያ የቆመ፣ ሕንፃ 20 የሚባል የእንጨት ቤት ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ይፈርሳል የተባለው ይህ ቤት እስከ 1998 ድረስ ሠራ። ተመራማሪዎቹ ግድግዳ ሲያስቸግራቸው ይበሱታል፣ ሽቦ በፈለጉት በኩል ይዘረጋሉ፣ ሲያስፈልግም ወለል ያነሣሉ፤ የሚቆጣ አልነበረም። ከፊዚክስ እስከ ቋንቋ ጥናት ትልልቅ ሥራዎች ከዚያ ወጥተዋል። በቦታው በፍራንክ ጌሪ የተነደፈው ስታታ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2004 ተከፈተ፤ በ2007 ተቋሙ ውኃ ማፍሰስንና መሰንጠቅን ጠቅሶ ነዳፊውንና ተቋራጩን ከሰሰ፣ ጉዳዩም በኋላ በስምምነት አለቀ። ውበት አያስፈልግም ለማለት አይደለም። የምርምር ሕንፃ በአሥር ዓመት ውስጥ ተጠቃሚው፣ መሣሪያውና ዘዴው ይቀየርበታል፤ ግድግዳው እንደ ሐውልት የሚከበር ከሆነ ለውጡ ሁሉ ማፍረስን ይጠይቃል።

አርክቴክቱ ሉዊ ካን የሠራቸው ሁለት ሕንፃዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ትምህርት አላቸው። በፊላደልፊያ በ1960 ገደማ ያለቀው የሪቻርድስ ቤተ ሙከራ የአየርና የጋዝ መስመሮቹን ከሥራ ቦታው ለይቶ በማማዎች ውስጥ ያስገባ ነው፤ በሥነ ሕንፃ ዓለም እጅግ ተደነቀ። ውስጡ ግን ጠበበ፣ ፀሐዩም ፊት ላይ ይወጣ ስለነበር ሳይንቲስቶቹ መስኮቱን በአልሙኒየም ቅጠልና በወረቀት ሸፈኑት። ቀጥሎ በካሊፎርኒያ በ1965 ባለቀው ሳልክ ተቋም ግን ካን ቤተ ሙከራዎቹን ያለ ምሰሶ ሰፊ አደረጋቸው፤ በየሁለቱ ወለሎች መካከል ደግሞ ቧንቧና የአየር መስመር ብቻ የሚያልፍበት፣ ሰው ቆሞ የሚሠራበት ሙሉ የአገልግሎት ፎቅ አስገባ። ጥገና ሲመጣ ሙከራው አይቆምም። ሕንፃው ዛሬም ቤተ ሙከራ ነው።

ሙሉ የአገልግሎት ፎቅ ለሁሉም አያዋጣም፤ ዋጋውም የኮንክሪቱም መጠን ከባድ ነው። መካከለኛው መንገድ የወለል ከፍታን ወደ 4.5 ሜትር ማድረስ ነው፤ ለቢሮ 3.6 ሜትር ያህል ይበቃል። በጀት ሲጠብ ከፍታውን ቀንሰን አንድ ፎቅ እንጨምር የሚል ሐሳብ ሁልጊዜ ይመጣል። ይህን አለመቀበል ይገባል። ዝቅተኛ ወለል ያለው ሕንፃ ቤተ ሙከራ የመሆን ዕድሉ ያን ቀን ይዘጋል፤ ከፍ ያለው ግን ነገ ቢሮ፣ መማሪያ ክፍል ወይም መኖሪያ መሆን ይችላል።

ቢሮውና ቤተ ሙከራው አንድ ላይ ይቀላቀሉ ወይስ ይለዩ የሚለው ክርክር ሁለቱም ወገን እውነት አለው። የኤምአይቲው ቶማስ አለን በ1970ዎቹ ባደረገው ጥናት፣ በሁለት መሐንዲሶች መካከል ያለው ርቀት ከ50 ሜትር ሲያልፍ መነጋገራቸው እጅግ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ማራቅ ይጎዳል። ቀላቅሎ ሁሉንም በአንድ ክፍት አዳራሽ ማስቀመጥ ግን ሁለት ጉዳት አለው። ወረቀት የሚጽፍ ሰው ጸጥታ ያጣል፤ ክሪክ ከተከፈተ በኋላ የድምፅ ቅሬታ በጋዜጣ ወጥቶ ነበር። ሁለተኛውና ለኃይል ፍጆታ ዋናው፣ ቢሮው በቤተ ሙከራ የአየር ደንብ መመራቱ ነው። የሚሻለው በመስታወት ግድግዳ የተለያዩ፣ በአንድ ፎቅ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰቆች ናቸው፤ ቢሮው በመስኮቱ በኩል ሆኖ በሚከፈት መስኮት ይተነፍሳል፣ ቤተ ሙከራው የራሱን አየር ያገኛል፣ ሰዎቹ ደግሞ ይተያያሉ።

አየሩ፦ ትልቁ ወጪ ያለበት

ቤተ ሙከራ በካሬ ሜትር የሚፈጀው ኃይል ከቢሮ ከ3 እስከ 10 እጥፍ ይደርሳል። ምክንያቱ ብርሃኑም ኮምፒውተሩም አይደለም። ቢሮ ውስጥ አብዛኛው አየር ተመልሶ ይዘዋወራል፤ ኬሚካል ባለበት ክፍል ግን አየሩ ከውጭ ይገባል፣ ይጣራል፣ ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱ ይስተካከላል፣ አንድ ጊዜ ክፍሉን ያልፍና ወደ ውጭ ይጣላል። 100 ካሬ ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ቁመት ያለው ክፍል በሰዓት ስድስት ጊዜ አየሩ ይቀየር ከተባለ በየሰዓቱ 1,800 ሜትር ኩብ አየር ተዘጋጅቶ ይወገዳል፤ ማንም በሌለበት ሌሊትም፣ በበዓል ቀንም።

ያው ክፍል ውስጥ ፊውም ሁድ የሚባለው የመርዛማ ጋዝ መሳቢያ ካለ ሌላ ሒሳብ ይጨመራል። አፉ አንድ ሜትር ተኩል ስፋትና ግማሽ ሜትር ከፍታ ቢከፈት፣ አየሩም በሰከንድ ግማሽ ሜትር ቢሳብ፣ አንዱ ብቻ በሰዓት 1,350 ሜትር ኩብ ይወስዳል። በአፉ ላይ ያለውን ተንሸራታች መስታወት ዝቅ አድርጎ መዝጋት ይህን ብዙ ይቀንሳል፤ መዝጋቱ ጥቅም የሚኖረው ግን ማራገቢያው ፍጥነቱን መቀነስ የሚችል ከሆነ ነው። በቋሚ ፍጥነት የሚሠራ ማራገቢያ መስታወቱ ተዘጋም ተከፈተም ያንኑ አየር ይስባል።

እዚህ ላይ ሦስት አማራጮች አሉ። ቋሚ ፍሰት በመነሻ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ለጥገና አያስቸግርም፣ ለዘመናት ግን ያስከፍላል። ተለዋዋጭ ፍሰት በሰው መኖርና በመስታወቱ አከፋፈት ልክ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ሦስተኛው ዳሳሾች የአየሩን ጥራት እየለኩ በሚፈለገው መጠን ብቻ የሚቀይሩበት ነው። ይህን ሦስተኛውን በሰፊው የሞከረው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ነው፤ በስድስት ጊዜ ፋንታ ሰው ሲኖር አራት፣ ሰው ሳይኖር ሁለት ጊዜ ብቻ አየር እንዲቀየር አድርጎ፣ ከሌሎች እርምጃዎች ጋር የቤተ ሙከራዎቹን የኃይል ፍጆታ በግማሽና ከዚያ በላይ ቀንሷል። ቅነሳው እንዲህ የበዛበት ምክንያት አለ፤ የማራገቢያ ኃይል ከፍሰቱ ጋር በኩብ ይያያዛል። ፍሰቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚያስፈልገው ኃይል በስሌት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል።

ታዲያ ሁሉም ሦስተኛውን ይግዛ? አይደለም። ዳሳሽ በየጊዜው መስተካከል አለበት፤ የተዛባ ዳሳሽ ወይ ኃይል ያባክናል ወይ ንጹሕ ያልሆነውን አየር ንጹሕ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ሰው ይጎዳል። ቋሚ ቴክኒሻን፣ መለዋወጫና የማስተካከያ በጀት የሌለው ተቋም ሁለተኛውን መርጦ የፊውም ሁዱን ቁጥር ቢቀንስ ይበጀዋል። ቁጥሩን ማሳነስ ምንም ቴክኖሎጂ አይጠይቅም። የእያንዳንዱን ቡድን የኬሚካል ዝርዝር የደኅንነት ባለሙያ ይመልከት፤ ብዙ ጊዜ ፊውም ሁድ የተጠየቀው ዕቃ ለማስቀመጥ እንጂ ለሙከራ አለመሆኑ ይገኛል። ለዕቃው አየር የሚሳብለት ቁም ሳጥን ይበቃል።

ከሚጣለው አየር ሙቀትን ወይም ቅዝቃዜን መልሶ መያዝም ይቻላል። የሚሽከረከር የሙቀት ጎማ ብዙውን ይመልሳል፣ እርጥበትንም ይይዛል፤ ግን ጥቂት የቆሸሸ አየር ወደ ንጹሑ ሊሻገር ስለሚችል ለፊውም ሁድ መስመር አይመከርም። በሁለቱ የአየር መስመሮች መካከል ውኃ የሚያመላልስ የተዘጋ ቧንቧ ያነሰ ይመልሳል፣ ሁለቱን አየር ግን ፈጽሞ አያገናኝም። በጣም ቀዝቃዛ ወይም ሞቃትና እርጥብ አየር ባለበት ሁለቱም ገንዘባቸውን ይመልሳሉ። አየሩ ዓመቱን ሙሉ ለዘብ ባለበት ግን መሣሪያው በራሱ በማራገቢያው ላይ የሚጭነው ጫና ከሚያድነው ሊበልጥ ስለሚችል መተው ይሻላል።

ከአየር ጋር አብሮ የሚነሣ አንድ ትንሽ ነገር ላክል። ናሙና የሚቀመጥባቸው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎች ከዜሮ በታች ወደ 70 ዲግሪ ከፍ ሲደረጉ ፍጆታቸው በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ለብዙ ናሙና ዓይነቶችም ይህ በቂ ነው። ዋጋው አንድ ቁልፍ መጫን ነው፤ ከቡድኑ ጋር መስማማት ግን ያስፈልጋል።

ለየሕንፃው ወይስ የጋራ መረብ

እያንዳንዱ ሕንፃ የራሱን ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ቢይዝ ግንባታው በምዕራፍ ለመከፋፈል ይመቻል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አይቆምም። የጋራ መረብ ግን የምርምር ካምፓስን የተለየ ባሕርይ ይጠቀማል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚሞቅም የሚቀዘቅዝም ቦታ አለ። የመረጃ ማዕከሉ ሙቀት ይተፋል፣ የመኖሪያ ሕንፃው ሙቅ ውኃ ይፈልጋል። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሲያጠና የሁለቱ ፍላጎት 70 በመቶ ያህል በአንድ ጊዜ እንደሚገጣጠም አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የጋዝ ኃይል ማመንጫውን ዘግቶ፣ የእንፋሎት መስመሩን በሙቅ ውኃ ቀይሮ፣ ከሚቀዘቅዘው የተወሰደውን ሙቀት ለሚሞቀው የሚሰጥ ማዕከል ሠራ። በዙሪክ የሚገኘው ኢቲኤች የተባለው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሆንገርበርግ ካምፓሱ ለብ ያለ ውኃ የሚዞርበት መረብ ዘርግቶ የበጋውን ሙቀት 200 ሜትር ያህል ጥልቀት ባላቸው ጉድጓዶች ለክረምት ያስቀምጣል። ሲንጋፖር ባዮፖሊስ በተባለው የሥነ ሕይወት ምርምር ካምፓስ ውስጥ ቅዝቃዜ ብቻ ስለሚፈለግ ከአንድ ማዕከል ቀዝቃዛ ውኃ ለሕንፃዎቹ ይከፋፈላል።

ሁለትና ሦስት ሕንፃ ብቻ ያለው ተቋም መረብ አያስፈልገውም። ከዚያ በላይ የሚያድግ ከሆነ ግን ማዕከሉ ኋላ ቢመጣም የቧንቧው መተላለፊያ ከመጀመሪያው መንገድ ጋር አብሮ ይቀበር። በአቡዳቢ እንደ ዘላቂ ከተማ የታቀደው ማስዳር መጠንቀቂያ ነው፤ ከመሬቱ በታች ሾፌር አልባ ተሽከርካሪዎች የሚሄዱበት ሙሉ ደርብ ለመላው ከተማ ታቅዶ፣ ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ በወጪ ምክንያት ቀረ። በዚያው ማስዳር ጠባብ ጎዳናውና ጥላው ግን ዛሬም ሥራቸውን ይሠራሉ።

እንጨት፣ ብረት ወይስ ኮንክሪት

የሲሚንቶ ምርት ብቻ ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 7 ወይም 8 በመቶ ያህል ይይዛል። ስለዚህ የተነባበረ እንጨት ለቢሮ፣ ለመማሪያና ለመኖሪያ ክፍሎች የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው፤ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ባለ 18 ፎቁ የተማሪዎች መኖሪያ የእንጨት አካሉ ከ70 ቀን ባነሰ ጊዜ ቆሟል። ለንዝረት ለሚሳሱ ክፍሎች ግን እንጨት ቀላል ስለሆነ ይርገበገባል፤ እነሱ በመሬት ላይ ባረፈ ወፍራም አርማታ ላይ ይቀመጡ። እንጨት በግንባታ ወቅት ከሁሉ የበለጠ ጥበቃ ይፈልጋል። በኖቲንግሃም ጁቢሊ ካምፓስ ይሠራ የነበረው የእንጨት ኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ሳያልቅ ተቃጠለ። እንደገና ተሠርቶ በ2017 መከፈቱ ያስመሰግናል፤ በመሐል ከተማ ከጎረቤት ጋር ተጠግቶ የሚሠራ ግን የእሳት መከላከያውን ከመጀመሪያው ምሰሶ ጋር አብሮ ያቁም።

ነባር ሕንፃ ካለና ወለሉ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ሦስቱንም መተው ይቻላል። የቆመ አጽም ካርቦኑ አስቀድሞ ተከፍሎበታል።

አጥር

ባጭሩ፣ አጥር ይቅር። በባዝል ለዓመታት ለውጭ ሰው ተዘግቶ የኖረው የኖቫርቲስ ካምፓስ እ.ኤ.አ. በ2022 ለሕዝብ ተከፍቷል። ጥበቃው በሕንፃው በር ላይ ይሁን፤ መንገዱና ዛፉ የከተማው ይሁኑ።

ውሉ

ከላይ የተመረጠው ሁሉ በጨረታ ሰነዱ ውስጥ በቁጥር ካልገባ ይተናል። በተለመደው አሠራር ነዳፊው ሥዕሉን ያስረክባል፣ ተቋራጩ በዝቅተኛ ዋጋ ያሸንፋል፣ ወጪ መቀነስ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቆረጠው የማይታየው የአየር መቆጣጠሪያ ነው። ሌላው መንገድ ንድፍና ግንባታን በአንድ ውል ማሰር ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ታዳሽ ኃይል ቤተ ሙከራ በኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ2010 የገባበትን የቢሮ ሕንፃ ሲያሠራ ዋጋውን በ64 ሚሊዮን ዶላር ቆርጦ፣ በካሬ ጫማ የሚፈቀደውን የኃይል ፍጆታ በውሉ ውስጥ ጻፈ፤ እንዴት እንደሚደረስበት ለተወዳዳሪዎቹ ተወ። የመጣው መልስ 18 ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ጠባብ ክንፎች ነበሩ፤ ማንም ከመስኮት አይርቅም፣ መብራትም ቀን ቀን ብዙ አይበራም። ልዩ ፈጠራ ሳይሆን የቅርጽ ውሳኔ ነው፤ ቁጥሩ ግን አስገደደው።

ለአካባቢ ተስማሚ ሕንፃዎች የሚሰጡት የሊድና የብሪያም የምስክር ወረቀቶች ጠቃሚ ማረጋገጫ ዝርዝር ናቸው፤ ነገር ግን ብዙውን ነጥብ የሚሰጡት በንድፉ ላይ ነው። ስለዚህ ከምስክር ወረቀት ይልቅ ቆጣሪ ላይ ገንዘብ ይዋል፤ ለቤተ ሙከራው፣ ለቢሮው፣ ለመረጃ ማዕከሉ የተለያየ ቆጣሪ ይኑር። ከክፍያው የተወሰነው ክፍል ሕንፃው ሰው ገብቶበት ሁለት ሙሉ ዓመት እስኪለካ ድረስ ይያዝ፤ የመጀመሪያው ዓመት ለማስተካከያ፣ የሁለተኛው ለሒሳብ። ቁጥሩ ካልተገኘ ተቋራጩ በራሱ ወጪ ተመልሶ ያስተካክል የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ይግባ፤ አንቀጹንም ጨረታው ከመውጣቱ በፊት የካምፓሱን የኤሌክትሪክ ሒሳብ የሚከፍለው ክፍል ያንብበው።